የተሸጠ ስም

ውድ ክንዱ፣

ይህን የምጽፍልህ የት እንደምልከው ሳላውቅ ነው። ስልክህ ከጠፋ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ኢሜይልህን ትከፍታለህ ብዬም ተስፋ አላደርግም። ግን ሰሞኑን አባትህ ኢንተርኔት ቤት መጥተው ነበር። እዚያ የሆነውን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግረዋለሁ? ለሌላ ሰው ባወራው ግማሹ አይገባውም፤ የገባውም አያምነኝም።

ጋሽ ደረሰ ያንን ኢንተርኔት ቤት ሲከፍቱ የቀጠሩት እኔን ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ተማሪዎች እየመጡ ኢሜይል የምከፍትላቸው፣ ፎቶ የምልክላቸው እኔ ነኝ። አንተ ከማንኩሳ የመጣኸው ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰህ፣ ውጤትህ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ቀርቶ በተከፋህበት ጊዜ ነበር። ቤት ውስጥ ከአባትህ ተማሪዎች ጋር ዜማ ስታጠና አድገህ፣ እንደገና ከአባትህ ፊት ባዶ እጅህን መቀመጥ አፍረህ ከተማ ውለህ ትገባ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ የሚጫወቱትን ጌም ከኋላቸው ቆመህ ብዙ አየህና ለአንድ ሰዓት ከፍለህ ተቀመጥክ። ከዚያ በኋላ ያ ወንበር ያንተ ሆነ።

ጌሙ ከባድ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ በእኛ ቀርፋፋ መስመር እንኳ ይሠራ ነበር። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይሰጠዋል። ስም ያወጣለታል። ሰውዬው ድንጋይ ይፈልጣል፣ ብረት ያቀልጣል፣ ሰይፍ ይሠራል፣ ከአውሬ ጋር ይዋጋል። ከየአገሩ የገቡ ሰዎችም እዚያው ይገናኛሉ፣ ያወራሉ። አንዴ የወጣ ስም አይቀየርም። ልጆቹ ለሰዎቻቸው የፊልም አክተር ስም ሲያወጡ አንተ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኃይለ ሚካኤል» ብለህ ጻፍክ። የክርስትና ስምህ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

«ለምን በእሱ?» ብዬ ስጠይቅህ፣

«በዚህ ስም የሚጠራኝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። እዚህም ይጠራ ብዬ ነው» አልከኝ።

የመጀመሪያው ገዢ የመጣ ዕለት ትዝ ይለሃል? ደንበኛ እያስተናገድኩ ጠራኸኝ።

«ሰብሊ፣ እስቲ ነይማ። ይኼ ሰውዬ ምንድን ነው የሚለኝ?»

አነበብኩልህ። «ሰይፉን ሽጥልኝ እያለህ ነው።»

«በጌሙ ወርቅ?»

«አይደለም። በእውነተኛ ገንዘብ። በዶላር።»

እየቀለድኩ መስሎህ ፊቴን አየህ። «የሌለ ሰይፍ?»

«ለእሱ አለ መሰለኝ» አልኩህ።

ቀስ እያለ ነው የገባን። ውጭ አገር ያሉት ተጫዋቾች ገንዘብ አላቸው እንጂ ጊዜ የላቸውም። አንተ ደግሞ ከጊዜ በቀር ምንም አልነበረህም። እነሱ ሥራ ሲውሉ አንተ ስትፈልጥና ስታቀልጥ ትውላለህ፤ ማታ ገብተው ተሠርቶ ያለቀውን ይገዛሉ። ገንዘቡን ጀርመን ያለች የዳኘው አክስት ትቀበላለች። ዳኘው፣ አዲስ አበባ የሄደው የክፍልህ ልጅ፣ የራሱን ቆርጦ የቀረውን በባንክ ይልክልሃል። እንግሊዝኛው የእኔ፣ ሥራው ያንተ ነበር። ሌሎቹ ሻጮች ገንዘቡ ሳይገባ ዕቃ አይሰጡም። አንተ ግን ቀድመህ ታስረክብ ነበር። «ቢክዱህስ?» ስልህ «የካዱኝ ለት አቆማለሁ» አልከኝ። አንድም ሰው አልካደህም። «ከኃይለ ሚካኤል ግዙ» ይባባሉ ነበር እዚያ ውስጥ፤ ስሙን በትክክል መጥራት ሳይችሉ።

እኔ እነዚያን ዓመታት የምወዳቸው በገንዘቡ አይደለም። ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። ምሳህን ከቤት ይዘህ የመጣህ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ሳትጠራኝ መጥቼ እበላለሁ። ምንም የተባባልነው ነገር የለም። ነገ የማትመጣ አልመሰለኝማ፣ ምን አስቸኮለኝ?

የኅዳር ሚካኤል ለት ወደ ቤታችሁ ወስደኸኝ ነበር። ለአባትህ ጋቢ ገዝተሃል። የኔታ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላቸው፣ ጋቢውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ደግ ጋቢ ነው። ሳልለብሰው ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምን ሸጠህ ነው የገዛኸው?»

«ሰይፍ ነው አባ።»

«ሰይፍ ከየት አምጥተህ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለ። ይታያል እንጂ አይጨበጥም።»

እናትህ ሳህን ይዘው ሲገቡ ቆም አሉ። የኔታ አልተቆጡም። እንደ ተማሪ ነበር የጠየቁህ።

«ገዢው እንደማይጨበጥ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አውቆ ነው የሚገዛ?»

«አዎ አባ። አውቆ ነው።»

«እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ የማስተምረው ዜማ መች ይጨበጣል? ሸጬው አላውቅም እንጂ። ካላታለልከው፣ ወዶ ከገዛህ፣ ኃጢአቱ አይታየኝም» አሉና ጋቢውን ለበሱት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አንተ መሬት መሬት አየህ። እናትህ፣ እማማ አስካለ ማርያም፣ ከዚያ ወዲህ ገበያ በመጡ ቁጥር ሳያዩኝ አይመለሱም።

ከዚያ የሁለት ሺህ ስምንት ክረምት መጣ። ከተማው ታመሰ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ይመጣል ይመጣል ስንል ወራት ሄዱ። ጋሽ ደረሰ ግማሹን ቤት ፎቶ ኮፒ አደረጉት። አንተ ጧት ጧት ትመጣለህ፣ የማይከፈተው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለህ፣ ትሄዳለህ። መስመሩ ሲመለስ ገዢዎችህ ሁሉ ወደ ሌላ ሻጭ ሄደዋል። እንደገና ብትጀምርም በሳምንት ሦስት ቀን ይቆረጣል። ዓይኔ እያየ ደከምክ። ገጽህ ተለወጠ። እኔ ስስቅ አትስቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ባዶ በነበረበት፣ «ልሸጠው ነው» አልከኝ።

«ምኑን?»

«ሰውዬውን ራሱን። ካፈራው ሁሉ ጋር።»

«ከዚያስ?»

«የቡሬው ጓደኛዬ ይታገሱ በመተማ ወደ ሱዳን ሊወጣ ነው። አብሬው እሄዳለሁ።» ቀጠልክ፦ «ሰብሊ፣ የምሠራው እዚህ ነው፣ የሚገዛኝ እዚያ ነው። መሀል ያለው ገመድ በሌላ ሰው እጅ ነው። እስከ መቼ ነው ገመዱን ሳይ የምኖር?»

ገዢ ለመፈለግ የተጻፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃል እየመረጥኩ፣ ያለህን ሁሉ እየዘረዘርኩ ጻፍኩልህ። አንድ ፈረንጅ ገዛው። ገንዘቡ ድንበር የሚያሻግራችሁ ደላላ እጅ ገባ። መናኸሪያ ስሸኝህ አንድ ቃል ይዤልህ ነበር፤ «አትሂድ» የምትል። አልወጣችም። ሾፌሩ እየጮኸ ነበር፤ ይታገሱ እጅህን እየጎተተ ነበር። «ደርሼ እደውላለሁ» አልከኝ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ጮክ ብዬ ተናገርኳት። ባለ ጋሪው ዞሮ አየኝ።

ከካርቱም ደወልክ። ከሊቢያም አንዴ ደውለህ «ደህና ነኝ፤ ለእናቴ ደህና ነው በያት» ብለህ ሳልመልስልህ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንተ ነህ የምታውቀው።

እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ይታገሱ ተመለሰ። ከሊቢያ እስር ቤት በአውሮፕላን አምጥተው ለቤተሰቡ አስረከቡት፤ ቡሬ አባቱ ቤት ነው ያለው። ሄጄ አየሁት። ከስቷል፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። «ባሕሩ ዳር ለሁለት ጀልባ ከፋፈሉን። የእነክንዱ ቀድሞ ወጣ። እኛ ሳንሳፈር ተያዝን። የእነሱ ደረሰም፣ ሰጠመም ያለን ሰው የለም» አለኝ። በዚያ ሳምንት ከወጡት ጀልባዎች ብዙዎቹ እንዳልደረሱ ግን እስር ቤት ሳለ ሰምቷል። ይህንን አልሸሸገኝም።

ወሬው ማንኩሳ ሲደርስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለእናትህ መርዶ ነገሩ። እማማ አስካለ ማርያም ጥቁር ለበሱ። ፀጉራቸውን ተላጩ። ቤታችሁ ድንኳን ተጣለ። የኔታ ግን ፍትሐቱን እምቢ አሉ። «ሬሳ ሳላይ፣ የቀበረው ሰው ሳይነግረኝ፣ ልጄን በቁሙ ፍቱልኝ ልበል?» እያሉ ቀሳውስቱን አቆዩአቸው። ወራት ከለመኗቸው በኋላ በመጨረሻ እሺ ብለው ቀኑ ተቆረጠ።

ቀኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ የሰፈራችሁ ጎረምሳ፣ እሱም ጌሙን የሚጫወት፣ ስምህን እዚያ ውስጥ አየ። እየሮጠ ቤታችሁ ገባና «ኃይለ ሚካኤል አለ። አልሞተም። ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ብረት ሲያቀልጥ ነበር» አለ። እንደ ሸጥከው አያውቅም፤ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? እናትህ ጥቁራቸውን አወለቁ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ እልል አለ። እኔ ይህንን ሁሉ አልሰማሁም ነበር።

የኔታ በማግሥቱ ጧት በባጃጅ መጡ። ጥምጥማቸው እንደ በዓል ቀን ነጭ ነው። እጄን ሳሙኝና ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያንተ እንደነበር አያውቁም።

«ልጄ፣ አለ አሉኝ። ከዚህ ውስጥ አለ አሉኝ። አሳዪኝ።»

ለምን እንደመጡ ገባኝ። ያኔውኑ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ጌሙን ከፈትኩ። ምናልባት ዛሬ አይገባም፣ ባዶውን አይተው ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ነገር ግን ገብቷል። ከምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ ስምህ ከራሱ በላይ ተጽፏል።

«የቱ ነው?»

«ይኼ ነው የኔታ፣ ግን...»

«ይንቀሳቀሳል እኮ» አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ፊታቸውን መስታወቱ ድረስ አስጠጉት። እጃቸውን አንስተው በጣታቸው ጫፍ ነኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን። ንገሪው፣ አባትህ መጥቷል በይው። እናትህ ታማለች በይው። አይ፣ ታማለች አትበይው፣ ይደነግጣል። ደህና ናት በይው። የት አገር ነህ በይው። ይበላል? ጠይቂው እስቲ፣ ይበላል?»

እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው የደስታ መስሏቸው እጄን ያዙኝ።

«የኔታ፣ ይኼ ክንዱ አይደለም።»

«ስሙ ነው አሉኝ እኮ?»

«ስሙ ነው። ሰውዬውን ግን ሲሄድ ሸጦታል። ለመንገዱ። አሁን የሚያንቀሳቅሰው የገዛው ፈረንጅ ነው።»

እጄን አልለቀቁም። ውጭ ባጃጆቹ ሲጣሩ ይሰማል። አንዱ ተማሪ ኮፒ ፈልጎ ገባ፤ ጋሽ ደረሰ በዓይናቸው መለሱት።

«ስሙንም?» አሉ የኔታ።

«ስሙንም።»

«የክርስትና ስሙን?»

«አዎ የኔታ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ብድር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «መልሶ ይሸጥልን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ። ያለቻቸውን ላም ቆጠሩ፣ መሬታቸውን ሊያከራዩ አሰቡ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ፣ ለራሳቸው እየተናገሩ። ክንዱ፣ ያንን ከማይ ባልኖር እመርጥ ነበር።

ጻፍኩለት። ማን እንደሆንን፣ አጠገቤ ያሉት የመጀመሪያው ባለቤት አባት እንደሆኑ፣ ልጃቸው እንደጠፋ ጻፍኩለት። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ቆይቶ መለሰ።

«ምን ይላል?»

«በጣም አዝኛለሁ ይላል። ግን አልሸጠውም፣ ጓደኞቼ ሁሉ የሚያውቁኝ በዚህ ስም ነው ይላል። ትርጉሙ ምንድን ነው ብሎም ይጠይቃል።»

«አያውቀውም?»

«አያውቀውም።»

የኔታ ከወንበሩ ተነሡ። በትራቸውን ፈልገው ያዙ። «የሚካኤል ኃይል ማለት ነው በይው። ወዶ ገዝቷል፣ ልጄም ወዶ ሸጧል። ይኑርበት በይው።» በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «የእኔንም ሐሙስ ቀሳውስቱ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሰዎቹ ሁለት ቢሆኑም እግዚአብሔር የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም።»

ትርጉሙን ጻፍኩለት። «ይኑርበት» ያሉትን ግን አልጻፍኩም። እሳቸው አባት ናቸው፣ ይመርቁ። እኔ አልመረቅሁትም። ሰውዬው አመሰገነኝና ያንተን ሰይፍ ይዞ፣ አንተ ትሄድበት በነበረው መንገድ ሄደ።

«ለእናቱ መንገር አቃተኝ፤ አብረሽኝ ነይ» ብለውኝ አብሬያቸው ማንኩሳ ሄድኩ። እማማ አስካለ ማርያም ደጅ ላይ ነበሩ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ገብስ ያሰጣሉ። ቀና ብለው መጀመሪያ የኔታን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ምን እንደምል ሳስብ ነበር የመጣሁት፤ አልጠየቁኝም። የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጥቁሩን ለብሰዋል። ከዚያ ተመልሰው ገብሱን ማስጣት ቀጠሉ። የኔታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ የት እንደምሆን ጠፋኝ።

ሐሙስ ፍትሐቱ ደረሰ። ስምህን ሲጠሩት ሰማሁ፣ ደጋግመው ጠሩት። ሬሳ በሚቀመጥበት ቦታ ምንም አልነበረም። ሰዎች ግን እዚያ ቦታ ላይ ላለመቆም ይጠነቀቁ ነበር። አልቅሼ ስጨርስ ከሽንዲ የመጡት የእናትህ እህት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንቺ ምኑ ነሽ?» አሉኝ። እህትህ አይደለሁም። ሚስትህ አይደለሁም። እጮኛው ነኝ እንዳልል አንተ አላልከኝ። «አብረን እንሠራ ነበር» አልኳቸው። «አይዞሽ» ብለውኝ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ።

ክንዱ፣ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ በምን እንደሚዘጋ አላውቅም። ጤና ይስጥልኝ ብል አባትህን ሐሰተኛ አደርጋለሁ፤ ነፍስህን ይማር ብል እኔው በእጄ እቀብርሃለሁ። ሁለቱንም መጻፍ አቃተኝ። በሕይወት ካለህ፣ የትም ሁን፣ በምንም ስም ተጠራ፣ ለእናትህ ደውል። ለእኔ ባትደውል ግድ የለም። ከሌለህ ደግሞ መናኸሪያ ላይ ያልወጣችውን ቃል እዚህ ጽፌልሃለሁ፤ የሚያነባት ሰው ግን የለም።

አብራህ ትሠራ የነበረችው፣
ሰብሊ
ፍኖተ ሰላም